«አገር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የቋንቋ ነገር በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ስለ ከባዶቹ ቃላት ነው። ከውጭ የመጣ የሳይንስ ወይም የሕግ ቃል ሲያጋጥመን ሊቃውንት ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ አንዱ ከግእዝ ያወጣል፣ ሌላው ቃሉ እንዳለ ይግባ ይላል፤ በመጨረሻም አንድ ስያሜ ይገኝለታል። ስለ ቀላሎቹ ቃላት ግን ማንም አይመክርም። ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ስለሚመስለው ሳይጠየቁ ያልፋሉ፤ ስሕተትም የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በነሱ በኩል ነው።

ከነዚህ ቀላል መሳይ ቃላት አንዱ በእንግሊዝኛ «ካንትሪ» የሚባለው ነው። እንግሊዝኛ የጀመረ ሕፃን ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይማረዋል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ በአንድ ወገን «ካንትሪ»፣ በሌላው ወገን «አገር» ብሎ ይጽፋል፤ ተማሪውም በደብተሩ ይገለብጣል፤ ነገሩም በዚያ ያልቃል። እኔም እንዲሁ ተምሬ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ የመንግሥት ሥራ ያዝሁ። ነገሩ በዚያ እንዳላለቀ ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እጄ የመለስሁት አንድ ወረቀት ነው።

ሥራ በጀመርሁበት መሥሪያ ቤት ባለጉዳዮች የሚሞሉት ቅጽ ነበረ። ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ ስለ ነበረ ከስም ቀጥሎ «አገር» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። አንድ ቀን ከስማዳ ቆላ የመጡ ሽማግሌ ጉዳያቸውን ይዘው ቀረቡ። ቅጹን በሌላ ሰው እጅ አስሞልተው ኖሮ «አገር» በሚለው ስፍራ ላይ «ስማዳ» ተብሎ ተጽፎበታል። «አባቴ፣ ይህ ተሳስቷል፤ እዚህ ላይ ኢትዮጵያ መባል አለበት፤ አስተካክለው ይምጡ» አልኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ልጄ፣ ኢትዮጵያማ ያንተም አገር አይደለችም ወይ? የኔን የጠየቅኸኝ መስሎኝ ነው» አሉኝ። በራሴ ብዕር አንድ ቃል ብጽፍበት ነገሩ ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን ደንቡን ይዤ ወረቀቱን መለስሁት። ቅጹን የሞላላቸው ሰው በዚያ ቀን አልተገኘም፤ በማግስቱ ደግሞ ቢሮው ዝግ ነበር፤ ሽማግሌውም ወደ ቀያቸው ተመለሱ። እንደገና እስኪመጡ ድረስ ወር አለፈ፤ የጉዳያቸውም ቀነ ገደብ አብሮ አለፈ። መልሳቸውን ባሰብሁት ቍጥር፣ የተሳሳተው ጥያቄው እንጂ መልሱ እንዳልነበረ እየገባኝ ሄደ። ይህንንም የምጽፈው የዚያ ቀን ዕዳ ስላለብኝ ነው።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ቃል እንመልከት። «ካንትሪ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይኛውም ሥር ላቲን ሲሆን «ኮንትራ» ማለት «ትይዩ፣ ፊት ለፊት» ማለት ነው። ስለዚህ የቃሉ መነሻ «ከፊት ለፊት የተዘረጋ ምድር» እንደ ማለት ነው፤ ሰው ከደጁ ወጥቶ ዓይኑን ሲያነሣ የሚያየው መሬት ማለት ነው። መንግሥትና ባንዲራ፣ ድንበርና ፓስፖርት በመነሻው ውስጥ የሉም፤ እነዚህ ኋላ የመጡ ናቸው። ዛሬም ቢሆን ቃሉ ከአንድ በላይ ሥራ ይሠራል። አንድ እንግሊዛዊ «በካንትሪ ውስጥ ቤት አለኝ» ቢል፣ ከከተማ ውጭ በገጠር የሚያርፍበት ቤት አለው ማለት ነው። ተማሪያችን በደብተሩ ተመርቶ «በአገሩ ውስጥ ቤት አለው» ብሎ ቢተረጕመው ቃሉን አልሳተም፤ ሰውየውን ግን ስቶታል። «ካንትሪ ሙዚቃ» የሚባለውም የአሜሪካ ደቡብ ገጠሬዎች ዘፈን ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ በሸክላ መቀረጽ ሲጀምር ከገጠር ሰዎች ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ በኋላ ይህ ስም ጸናለት እንጂ ብሔራዊ መዝሙር ስለሆነ አይደለም። የእንግሊዝ ጋዜጣም «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ካንትሪ ሊሄዱ ነው» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ሰውየው ለዕረፍት ገጠር መውረዳቸው አይደለም፤ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረግ ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ «ካንትሪ» ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ወደሱ መሄድም ለፍርድ መቅረብ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲያሳትም፣ ለዚህ ቃል ከሰጣቸው ትርጓሜዎች መካከል ገጠር፣ የትውልድ ስፍራና የአንድ ምድር ነዋሪዎች ይገኙባቸዋል። ይህ ሰው ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በ1759ም ልብ ወለዱን «ራስ ሴላስ»ን የጻፈ እሱ ነው፤ ይህንንም ልብ ወለድ ሲራክ ወልደ ሥላሴ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በጆንሰን ዘመንና ከዚያም በፊት አንድ እንግሊዛዊ «የኔ ካንትሪ» ብሎ የተወለደበትን አውራጃ ሊጠራ ይችል ነበር። እንግዲህ የስማዳው ሽማግሌ የሰጡት መልስ ለጆንሰን ቢቀርብለት ኖሮ ምንም ባልደነቀው ነበር። ሰፊውን ትርጓሜ ይዞ ጠባቡን ወደ ኋላ የተወው የኋላው ዘመን እንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ደግሞ የቅጻችንን ትርጕም የወሰድነው ከዚህ ከኋላው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ። «ሀገር» በግእዝ ከተማ ማለት ነው። ጋይንት ለዚህ ምስክር የሚጠራበት ምድር ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባ የሚገኙት በዚያ ነውና። በነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚማር ደቀ መዝሙር በግእዝ ወንጌል ላይ «ሀገር» የሚለውን ሲያገኝ፣ ቅጥርና በር ያላትን፣ ሰው ተሰብስቦ የሚኖርባትን ከተማ ያስባል እንጂ ሰፊ ግዛት አያስብም። በአንጻሩ ደግሞ ዛሬ «ከተማ» የምንለው ቃል በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ማለት ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ባቀኑ ጊዜ፣ በዚህ በቀድሞው አነጋገር ከተማው አብሮ ተነሣ ማለት ነው። ከተማ ይነሣል፤ አገር ግን ባለበት ይቀራል። እንግዲህ የሁለቱን ቋንቋዎች ቃል ጐን ለጐን ብናስቀምጣቸው መንገዳቸው የተለያየ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የእንግሊዝኛው ከሜዳ ተነሥቶ ወደ መንግሥት ሄደ፤ የኛው ከከተማ ተነሥቶ ወደ ምድሩ ሁሉ ተሰራጨ። በመንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሕዝብ አነጋገር «አገር» የሚለው ቃል ሲነገር ሰምቶ ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ይኸውም የቃሉ ስፋት የሚለካው ተናጋሪው ከቤቱ በራቀበት መጠን መሆኑ ነው። በነፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ አንዱ ሌላውን «አገርህ የት ነው?» ቢለው፣ የሚሰጠው መልስ የደብሩ ወይም የመንደሩ ስም ነው። ያው ሰው ደብረ ታቦር ቢጠየቅ «ጋይንት» ይላል፤ ጠያቂው ጠንቃቃ ከሆነ «ላይ ነው ወይስ ታች?» ብሎ ይጨምርበታል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ቢጠየቅ «ደብረ ታቦር በኩል»፣ አዲስ አበባ ቢጠየቅ «ጎንደር» ይላል። ካርቱም ወይም ዋሽንግተን ቢጠየቅ ግን «ኢትዮጵያ» ብሎ ይመልሳል። በነዚህ መልሶች ሁሉ ሰውየው አልዋሸም፤ አሳቡንም አልለወጠም። በእያንዳንዱ ስፍራ የተረዳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከየት ወጥተህ እዚህ ደረስህ?» የሚል ነው።

«አገር ቤት» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን «አገር ቤት ደወልሁ» ሲሉ ኢትዮጵያን ማለታቸው ነው፤ ስልኩ የሚጮኸው አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆንም። ያንን ስልክ ያነሣው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ «እናቴ አገር ቤት ናት» ሲል እስቴ መካነ ኢየሱስ አካባቢ ያለውን ገጠር ማለቱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አገር ማለት በብዙው አነጋገራችን ሰው የሄደበት ሳይሆን የተለየው ነው። የእንግሊዝኛው «ካንትሪ» እንዲህ ከተናጋሪው ጋር አይራመድም፤ በቅጽ ላይ ከተጻፈ በኋላ ለንደን ላይም ሆነ ናይሮቢ ላይ ያው አንድ ነገር ነው። ሁለቱን እኩል አድርጎ የሚተረጕም ሰው ይህን ልዩነት ይስታል።

ሁለተኛው ነገር፣ አገር ሕዝብ ነው። ስለ 1977 ዓ.ም. ረኃብ የሚተርኩ ሽማግሎች «አገር ተፈታ» ይላሉ። ምድሩ በስፍራው ነበረ፤ ጉናም ከስፍራው አልተነሣም፤ የተፈታው ጐረቤትና ዘመድ፣ ማኅበርና ዕድር ነው። ይህን ቃል «ካንትሪ» ብሎ የተረጐመ ሰው ምን ዐይነት ግስ ሊያስከትልለት እንደሚችል አላውቅም። እንዲሁም «አገር ይፍረደኝ»፣ «አገር ያወቀው ነው» እንላለን፤ በዚህ ጊዜ አገር ዳኛና ምስክር ነው። በዚህ ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ፤ በቀድሞው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተከሳሹ በካንትሪ እዳኛለሁ ሲል፣ ከአካባቢው ሰዎች የተመረጡት ዳኞች ይፍረዱኝ ማለቱ ነበረና። ሦስተኛም፣ ገበሬው ከሌላ ወረዳ የመጣውን እንግዳ «አገሩ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራውና ስለ ሰላሙ ነው። አንድ ተርጓሚ ይህን ጥያቄ ቃል በቃል ለውጭ አገር እንግዳ ቢያደርሰው፣ እንግዳው ስለ መንግሥትና ስለ ምርጫ ሊያወራለት ይጀምራል፤ ገበሬው ግን የጠየቀው ስለ ጤፉ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው «ባላገር» የሚለው ቃል ዕድል ነው። ባለ አገር ማለት የአገር ባለቤት ማለት ነው። ርስት በነበረበት ዘመን በበጌምድርና በጎጃም አንድ ሰው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ ትውልዱን ቈጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር፤ ባላገር ሲባልም በዚያ ምድር ላይ ሥር ያለው፣ መጤ ያልሆነ ማለት ነበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት አስቀረ። ቃሉ ግን ከዚያም በፊት በከተሞች ዘንድ ክብሩን ማጣት ጀምሮ ነበር፤ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ሌላውን «ባላገር!» ያለው እንደ ሆነ ለስድብ ነው። ስብሰባና ሪፖርት ላይ ደግሞ «አርሶ አደር» የሚለው ስም ተተክቶበታል፤ እሱም ጨዋ ስም ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሥራው ብቻ ነው፤ የአገር ባለቤትነቱን አይናገርም። በእንግሊዝኛም «ካንትሪማን» የሚለው ቃል በአንድ ወገን ገጠሬ፣ በሌላው ወገን የአገር ልጅ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በእንግሊዝኛ ሁለተኛው ትርጓሜ እስከ ዛሬ ሰውን ለማክበር ይነገራል፤ እኛ ግን ለአክብሮቱ «ያገር ልጅ»ን ለይተን አውጥተን፣ ለንቀቱ «ባላገር»ን ተውነው። ቃሉን ያወረደው ሰዋስው አይደለም፤ እኛው ነን።

የትርጕም ስሕተት ሥር ሲሰድ ደግሞ ስሕተትነቱ እንኳ ይረሳል። በጃን ሜዳ ሲደረግ የኖረውን «ክሮስ ካንትሪ» የተባለ የሩጫ ውድድር «አገር አቋራጭ» ብለን ሰይመነዋል። በእንግሊዝኛው «ካንትሪ» እዚህ ላይ ሜዳና ቍጥቋጦ፣ ጭቃና ዳገት ማለት ነው፤ ሯጩም የሚያቋርጠው ሜዳውን ነው። አገር የሚያቋርጠው በእውነቱ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚገባው አውቶቡስ ነው፤ እሱም «አገር አቋራጭ» ይባላል። ስለዚህ ሜዳውን የሚዞረውና አገሩን የሚያቋርጠው በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህ ስም አሁን ከሕዝቡ ጋር ስለ ተዋሐደ ይለወጥ አልልም፤ ሯጮቻችንም በዚሁ ስም ዓለምን አሸንፈውበታል። ነገር ግን መማሪያ ይሁነን። በሌላ በኩል ሕዝቡ ራሱ፣ ተርጓሚ ሳያግዘው፣ የእንግሊዝኛውን ትርጓሜ ያገኘበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጠቅላይ ግዛቶች «ክፍለ አገር» ተብለው ነበር፤ ያ አከፋፈል ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን እስከ ዛሬ ከከተማው የወጣውን ሁሉ «ክፍለ አገር ሄደ» ይላል። ይህ እንግሊዛዊው «ወደ ካንትሪ ወረደ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። መዝገቡ የሻረውን ቃል አፍ አስቀርቶ ለሌላ ሥራ አዋለው።

አንዳንድ ሰው ይህን ካነበበ በኋላ መፍትሔው ቀላል ነው ሊል ይችላል፤ «በሀ የተጻፈውን ሀገር ለመንግሥቱና ለመላው ምድር፣ በአ የተጻፈውን አገር ለትውልድ ስፍራ እንመድብ» ይል ይሆናል። አሳቡ ለወረቀት የሚያመች ይመስላል። ነገር ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛ፣ በሀ የሚጻፈው የግእዙ ነው፤ ግእዙ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጠባቡን፣ ይኸውም ከተማን የሚያመለክት ነው፤ ስለዚህ ሰፊውን ትርጓሜ ለሱ መስጠት ታሪኩን መገልበጥ ይሆናል። ሁለተኛም፣ ለሁለት መክፈሉ ራሱ የቃሉን ጥቅም ያጠፋዋል። ጋይንትን «አገሬ» ያለ ሰው ኢትዮጵያንም በዚያው ቃል «አገሬ» ማለቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ትልቋን የሚወድደው ትንሿን በወደደበት ቃል ነው፤ አንዱ አፍ ሁለቱን ያለ ጠብ ይዟቸው ኖሯል። ትንሿን የሚጠራ ሰው ትልቋን እንደ ካደ አድርጎ መቍጠር፣ ወይም ትልቋን የሚጠራ ሰው ትንሿን እንደ ረሳ አድርጎ መቍጠር ከቃሉ ጠባይ ውጭ ነው። በዚህ ዘመን ብዙ ክርክር የሚነሣው ይህ ተረስቶ ይመስለኛል። የስማዳው ሽማግሌም በአንድ አረፍተ ነገር የነገሩኝ ይህንኑ ነበረ፤ «ኢትዮጵያማ ያንተም አገር አይደለችም ወይ?» ያሉኝ ሁለቱን አስተባብረው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቃሉን ማጥበብ ሳይሆን ጥያቄውን ማጥራት ይገባል። በቅጽ ላይ የሚፈለገው የመንግሥት ተገዥነት ከሆነ «ዜግነት» የሚል የታወቀ ቃል አለ፤ የተወለደበት ከሆነ «የትውልድ ስፍራ»፣ የሚኖርበት ከሆነ «የመኖሪያ ስፍራ» ተብሎ ከነወረዳውና ከነቀበሌው ይጠየቅ። ይህን ማድረግ ከአንድ መስመር ቀለም በላይ አያስወጣም። መምህራንም በሰሌዳ ላይ ቃልን በቃል ትይዩ ከሚጽፉ፣ በሁለቱም ቋንቋ ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ቢጽፉ ተማሪው የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ ገና በልጅነቱ ያያል። ተርጓሚም «ካንትሪ» የሚለውን ባገኘ ጊዜ፣ ብዕሩ «አገር» ብሎ ከመሮጡ በፊት፣ የሚናገረው ማን ነው፣ የትስ ሆኖ ነው የሚናገረው ብሎ ይጠይቅ።

ስለ መዝገበ ቃላትም አንድ ነገር ልጨምር። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሟቸው ታላላቅ መዛግብት ለኛ ትውልድ የተረፉ የድካም ፍሬዎች ናቸው፤ ከነሱም በኋላ ለእንግሊዝኛ ተማሪ የሚረዱ ባለ ሁለት ቋንቋ መዛግብት ታትመዋል። የጐደለን የቃል ብዛት አይደለም፤ ቃሉ በየስፍራው እንዴት እንደሚነገር የሚያሳይ ምሳሌ ነው። ከበሽሎ ማዶና ከበሽሎ ወዲህ፣ ከጉና ግርጌና ከዐባይ ዳር ያለው ሰው «አገር» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ተሰብስቦ ቢጻፍ ከብዙ ጥፋት ያድነናል። በየወረዳው ያሉ መምህራንና ጸሐፊዎች ለዚህ ሥራ ከማንም የቀረቡ ናቸውና፣ በየአካባቢያቸው የሚሰሙትን ጽፈው ለዚህ መጽሔት ቢልኩ ለአንባብያን ሁሉ ይጠቅማል።

እኔ በበኩሌ ዛሬም ቅጽ ስቀበል «አገር» በሚለው ስፍራ ላይ ስማዳ፣ ጋይንት ወይም እስቴ ተጽፎ ባገኝ ወረቀቱን አልመልሰውም። ባለጉዳዩን «አባቴ» ወይም «እናቴ» ብዬ አስቀምጬ፣ የተጻፈውን ሳልሰርዝ ከጐኑ «ኢትዮጵያ» ብዬ እጨምርበታለሁ።